ለነጠላ አንድ ክሊክ አይበቃም

ጥርና ሚያዝያ ሲገቡ የደሴ ፎቶ ቤቶች እንቅልፍ አያውቁም። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ ብትሄዱ ያው ነው፤ አልበሙ፣ ባነሩ፣ የምስጋና ካርዱ፣ ለፌስቡክና ለቲክቶክ የሚለቀቀው ሁሉ ቶሎ ይድረስ ይባላል። ስለዚህ ኤዲተሩ አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ ደግሞ አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ «ሰሌክት ሰብጀክት» የምትለዋን አንዴ መጫን ነው፤ ሙሽሪት ከነልብሷ ተለይታ ትወጣለች፣ ከኋላዋ የተፈለገው ይገባል፣ ቀጣዩ ፎቶ ይከፈታል።

ስልክ ላይ ስታዩት ያምራል። ባነር ሆኖ ሲታተም ግን ጉዱ ይወጣል። የነጠላው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በስሱ ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ፎቶው የተነሳበት የድሮው ግድግዳ ወይም ሳር አብሮ መጥቷል፤ ከኋላ ያለው ሐይቅ ሆኖ በነጠላው ውስጥ የሚታየው ሳር ነው። የጸጉሯ ዳር ዳር ላይ የነበሩት ጥቃቅን ጥቅልሎች የሉም። ቤተሰብ «የሆነ ነገር አለው» ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ነገሩ ሰሌክሽኑ ነው፤ ማለትም የሚፈለገው ክፍል ከቀረው ፎቶ ተመርጦ የተለየበት መንገድ።

የኔን ሐሳብ ከመነሻው ልንገራችሁ። አውቶማቲኩን ተጠቀሙበት፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ በየዓመቱም እየተሻሻለ ነው። ግን ሥራው እሱ ላይ አያልቅም። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚሠራው በጊዜያዊ ማስክ ላይ ነው፣ ክዊክ ማስክ በሚባለው፣ የተመረጠውንና ያልተመረጠውን በቀለም ለይቶ በሚያሳየው ሽፋን፣ አሁን ወደ ሙያው የሚገቡ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ይህችን ነገር ሳይነኳት ነው ኤዲተር የሚሆኑት። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ሀገር የምናነሳው ነገር፣ በተለይ ወሎ ውስጥ የምናነሳው ነገር፣ በአንድ ክሊክ የሚለይ አይደለም። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ዕጣን፣ የጦሳ ተራራ ጉም፣ ሹሩባና አፍሮ ጠርዛቸው ቁርጥ ያለ አይደለም።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ሰሌክሽን ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው መስመር ነው። ከመስመሩ ውስጥ ያለው ተመርጧል፣ ውጭ ያለው አልተመረጠም፣ አለቀ። ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ መስመርም ይህንኑ ነው የሚያሳየን። ሶፍትዌሩ የሚያስበው ግን እንደዚያ አይደለም። በተለመደው የ8 ቢት ፎቶ ላይ እያንዳንዷ ፒክስል፣ ፎቶው የተሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር ይሰጣታል። 0 ያላት ጭራሽ አልተመረጠችም፣ 255 ያላት ሙሉ በሙሉ ተመርጣለች፣ በመሃል ያሉት 254 ደረጃዎች ደግሞ ሁሉም «በከፊል» ናቸው። ያ ነጠብጣብ መስመር የሚያልፈው ግማሹ ላይ ነው። ከ50 በመቶ በላይ የተመረጠውን ብቻ ይከባል። 30 በመቶ የተመረጠ ነገር ካለ መስመሩ አያሳያችሁም፣ ግን አለ፤ ከለር ስትቀይሩ በዚያው መጠን አብሮ ይቀየራል። የመረጣችሁት ሁሉ ከግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ ፎቶሾፕ ራሱ ከ50 በመቶ በላይ የተመረጠ ፒክስል ስለሌለ ጠርዙ አይታይም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ሰሌክሽኑ የጠፋ መስሎት እንደ አዲስ ይጀምራል። አልጠፋም። መስመሩ ነው ማሳየት ያልቻለው።

እና መስመሩን ብቻ እያየ የሚሠራ ሰው ግማሹን ነገር ሳያይ ነው የሚሠራው።

ክዊክ ማስክ ያንን ቁጥር በዓይን እንዲታይ ያደርገዋል። ፎቶሾፕ ላይ የኪው ቁልፍን ስትጫኑ ያልተመረጠው ቦታ በሚያሳልፍ ቀይ ይሸፈናል፣ የተመረጠው በራሱ ከለር ይቀራል፣ በከፊል የተመረጠው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ብሩሽ ትይዛላችሁ። በጥቁር ስትቀቡ ቀዩ ይጨምራል፣ ማለትም ከሰሌክሽኑ ትቀንሳላችሁ። በነጭ ስትቀቡ ቀዩ ይነሳል፣ ማለትም ትጨምራላችሁ። በግራጫ ስትቀቡ በከፊል። ፎቶው ራሱ አይነካም፣ የምትቀቡት ማስኩን ነው። እንደገና ኪውን ስትጫኑ ቀዩ ይጠፋና ነጠብጣቡ መስመር ይመለሳል። የኤክስ ቁልፍ ጥቁሩንና ነጩን ያቀያይርላችኋል፣ የዲ ቁልፍ ወደ ጥቁርና ነጭ ይመልሳችኋል። አንድ እጃችሁ ማውዙ ላይ፣ አንዱ ኪውና ኤክስ ላይ ከዋለ በቃ፣ እጅ ለመደ ማለት ነው።

ጊዜያዊ የሚባለው የቻናል ፓነሉን፣ የፎቶው ከለሮች ተለያይተው የሚታዩበትን ሳጥን፣ ስትከፍቱ ይገባችኋል። ማስኩ ላይ ሳላችሁ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናሎች ሥር «ክዊክ ማስክ» የሚል አንድ ቻናል በዘመመ ጽሑፍ ይመጣል። ስትወጡ ይጠፋል። ያ ቻናል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰሌክሽን ፎቶ ከሆነ፣ ፎቶ ላይ የምትሠሩትን ሁሉ ሰሌክሽን ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ብለር ማድረግ፣ ማለትም ማደብዘዝ ትችላላችሁ፣ ሌቭልስ፣ ማለትም የጥቁሩንና የነጩን መጠን ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ግራዲየንት፣ ማለትም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሻገር ቀለም መጎተት ትችላላችሁ፣ በሸካራ ብሩሽ መቀባት ትችላላችሁ። በከለር የሚመርጠውን ማጂክ ዋንድና በእጅ የሚከበብበትን ላሶ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ሌላ ዓለም ነው።

ቀዩ ቀለም እንዲያው ደስ ስላለ የተመረጠ አይደለም። ከኮምፒውተር በፊት የኅትመት ሰዎች ሩቢሊት የሚባል ነገር ነበራቸው፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ስስ ቀይ ፊልም ነው። ያንን በስለት ይቆርጡትና የማይፈለገውን ይልጡታል። ለኅትመት ፕሌት ይጠቀሙበት የነበረው ፊልም ቀይ ብርሃን አይሰማውም፣ ስለዚህ ቀይ የተሸፈነው ቦታ ለፊልሙ ጨለማ ነው፣ ለሠራተኛው ግን ውስጡ ይታየዋል፤ እያየ ይቆርጣል። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 በቶማስና በጆን ኖል ወንድማማቾች እጅ ሲወጣ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ እነዚህ የኅትመትና የፎቶ ሰዎች ነበሩ፣ እጃቸው የለመደውንም ነው ስክሪን ላይ ያገኙት። ቲሸርት ላይ ስክሪን ፕሪንት የሚሠራ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ የሸፈንከው ቀለም አያገኝም፣ ያልሸፈንከው ያገኛል።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ፎቶ ውሰዱ። ሙሽሪት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከኋላዋ እየመታት፣ ደሴ ዳር ካለ ሜዳ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ሣርና የነጣ ሰማይ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ውሃ ከኋላዋ እንዲሆን ፈልጓል።

መጀመሪያ አውቶማቲኩን ተጫኑት። ፊቷን፣ እጇን፣ የቀሚሷን ታች ደህና አድርጎ ይይዛል። ደስ ይላል፣ ያ ሁሉ ጠርዝን ነጥብ በነጥብ በሚያስከብበው ፔን ቱል ቢሠራ ጊዜ ይበላ ነበር። ቀጥሎ ኪው። አሁን ስህተቱን ቀዩ ያሳያችኋል። ነጠላው አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ተመርጧል፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ማሽኑ ከሰማዩ ጋር ደባልቆት ግማሹ ቀይ ውስጥ ገብቷል። ነጭ ጨርቅ በነጣ ሰማይ ላይ ሲሆን ሁሌም እንዲህ ነው፤ የጠፋውን በነጭ ብሩሽ መልሱት።

ከዚያ ውፍረቱ። ነጠላ ዝርግ ሆኖ ሲወርድ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲታጠፍ ትንሽ ያሳልፋል፣ ጥለቱ ያለበት ጠርዝ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምንም አያሳልፍም። ማስኩም እንደዚያው መሆን አለበት። ጥለቱ ነጭ፣ ማለትም ሙሉ የተመረጠ። እጥፉ ነጣ ያለ ግራጫ። ዝርጉ ጠቆር ያለ ግራጫ። ጋቢ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ነጭ ቀብቶ ማለፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። በከፊል ለመቀባት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጥቁር ብሩሽ ይዞ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የቀለሙን ድፍነት፣ ወደ 40 ወይም 50 ማውረድ ነው። ሌላው ኦፓሲቲውን 100 ላይ ትቶ ራሱን ግራጫ ከለር መምረጥ ነው። የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፣ ግን አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ይደራረባል፤ ማውዙን ለቃችሁ እንደገና በዚያው ቦታ ስታልፉ ይጠቁራል፣ ሦስተኛ ስትደግሙ ጭራሽ ይጨልማል፣ ነጠላው ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ግራጫው ግን የፈለገውን ያህል ብትደጋግሙት ያው ግራጫ ነው። ስለዚህ ለጨርቅ ግራጫ፣ ቀስ በቀስ መጨለም ለሚፈልግ ነገር ደግሞ፣ እንደ ጭስ ላለው፣ ኦፓሲቲው የወረደ ብሩሽ። ዕጣን ላይ ይህንን ሞክሩት። የቡናው ረከቦት አጠገብ የሚወጣው ጭስ ከሥሩ ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይሳሳል፤ ለስለስ ባለ ትልቅ ብሩሽ፣ ኦፓሲቲው 15 ወይም 20 ላይ ሆኖ፣ ደጋግማችሁ ስታልፉበት እንደ ራሱ እንደ ጭሱ ይሆናል።

ጸጉር ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ክዊክ ማስክ ውስጥ ሆናችሁ በላሶ ሌላ ሰሌክሽን መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በጸጉሯ ዙሪያ ብቻ በላሶ ክበቡና ጎሲያን ብለር አድርጉበት፤ ብለር የሚሆነው የማስኩ የጸጉር ክፍል ብቻ ነው፣ ትከሻዋና ክንዷ ጥርት እንዳሉ ይቆያሉ። ሁሉንም ጠርዝ በአንድ ፌዘር ማለስለስ ግን ትልቅ ስህተት ነው። በአንድ ሰው ላይ የክንድ ጠርዝ ስል ነው፣ የአፍሮ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ የሹሩባ ጠርዝ ከላይ ስል ሆኖ ጫፉ ላይ የሚበተን ነው። ብለር ካደረጋችሁ በኋላ ሌቭልስ ከፍታችሁ ጥቁሩንና ነጩን ትንሽ ወደ መሃል ስትገፉት ጠርዙ ይጠብቃል። ምን ያህል የሚለውን ዓይናችሁ ይወስነዋል፣ በፎቶው መጠንም ይለያያል።

የቀዩን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ በተለይ ያስቸግራል። ሙሽሮች ካባ ሲደርቡ ካባው ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቬልቬት ነው። ቀይ ማስክ በቀይ ካባ ላይ ምን ይታያል? ምንም። የማስኩን ምልክት ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ ከለሩንና ኦፓሲቲውን የምትቀይሩበት ሳጥን ይከፈታል። ለካባ አረንጓዴ አድርጉት፣ ለሣርና ለተራራ ቀዩን ተዉት። እዚያው ሳጥን ውስጥ ከለሩ የተመረጠውን ያሳይ ወይስ ያልተመረጠውን የሚል ምርጫም አለ። ትንሽ ነገር ስትመርጡ፣ ለምሳሌ የጆሮ ጌጥ ወይም ሂና ብቻ፣ የተመረጠው ቢቀላ ለዓይን ይቀላል። ትንሽ ቅንብር ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ዓይንን ያሳርፋል።

አሁን ማስኩ ትክክል ሆኗል እንበል። ውጤቱ ግን አሁንም ሊበላሽ ይችላል፤ ይህንን የሚነግራችሁ ቪዲዮ ጥቂት ነው። ነጠላው 60 በመቶ ተመርጧል ማለት ከፒክስሉ ከለር 60 በመቶው ወደ አዲሱ ፎቶ ይሄዳል ማለት ነው። ያ ፒክስል ውስጥ ግን ያለው የነጠላው ነጭ ብቻ አይደለም፣ ከኋላው የነበረው የሣር አረንጓዴም ተደባልቆበታል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ስታስቀምጧት ነጠላዋ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ማስክ ምን ያህል እንደሚሄድ ይወስናል እንጂ የሚሄደውን ከለር አያጥብም። መፍትሔው ከላይ አዲስ ሌየር፣ ማለትም በፎቶው ላይ የሚደረብ ንጣፍ ከፍቶ፣ ከታችኛው ሌየር ውጭ እንዳይወጣ ክሊፕ አድርጎ፣ ከታቹ ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ፣ ብሌንድ ሞዱን፣ «ከለር» ላይ አድርጎ፣ ከራሱ ከነጠላው ጥቅጥቅ ካለ ቦታ ከለር ወስዶ በስሱ መቀባት ነው። ፎቶሾፕ «ሰሌክት ኤንድ ማስክ» ውስጥ የጠርዝ ከለር የሚያጸዳ ምርጫ አለ፣ ለጸጉር ይረዳል፣ ለሰፊ ጨርቅ ግን እጅ ይሻላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ወሎ ደጋው ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ ያኔ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ይህ ነገር አለበት።

ባክግራውንድ መቀየር ብቻ ሳይሆን ብርሃን ማስተካከልም በዚሁ ነው። እንዲያውም የክዊክ ማስክ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው ባይ ነኝ። ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ ያነሳችሁት ፎቶ አለ እንበል፤ ከላይ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ ከተማው ከታች ይታያል። ጉሙን ትንሽ ማጨለም ትፈልጋላችሁ። ጉም መስመር የለውም፣ በየትኛው ላሶ ትከቡታላችሁ? ኪውን ተጫኑ፣ ግራዲየንት ያዙ፣ ከጉሙ ወደ ከተማው ከነጭ ወደ ጥቁር ጎትቱ። ቀዩ ከታች ሙሉ ሆኖ ወደ ላይ እየሳሳ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ከፊት ለፊት ሰዎች ከቆሙ እነሱን በጥቁር ብሩሽ ሸፍኗቸው። ኪውን ደግማችሁ ውጡ፣ ብርሃን የሚያስተካክለውን የከርቭስ አድጀስትመንት ሌየር ክፈቱ፤ ሰሌክሽኑ ራሱ የዚያ ሌየር ማስክ ሆኖ ይገባል። ጉሙ ብቻ ይጨልማል፣ የት እንደተጀመረም አይታወቅም።

የገናን በዓል ላሊበላ ላይ የሚያነሱ ልጆችም ይህ ያስፈልጋቸዋል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ የቤተ ጊዮርጊስ ጥቁር ጥላ፣ ጧት የሚገባው ብርሃን፤ ነጩ ይቃጠላል ወይ ጥላው ይጨልማል። በግራዲየንትና በብሩሽ የተሠራ ማስክ ሁለቱንም ያስታርቃል። ግን እዚያ ላይ ባክግራውንድ አትቀይሩ። የሰርግ ፎቶ የቤተሰቡ ነው፣ እንደፈለጉ ይሁንላቸው፤ የበዓል ፎቶ ግን ማስረጃ ነው፣ የሚያየው ሰው እንደተነሳ ነው የሚያምነው። ብርሃን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፣ የሌለ ሰማይ ማስገባት ሌላ ነገር ነው።

ክዊክ ማስክ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ላይ፣ ባክግራውንዱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አውቶማቲኩ በቂ ነው። ወንበር፣ ጫማ፣ ዕቃ ለማስታወቂያ ሲነሳ ደግሞ ፔን ቱል ይሻላል፣ ጠርዙ ስል ስለሆነ። ሁሉንም በአንድ መሣሪያ መሥራት የለባችሁም።

አውቶማቲኩ ለምን ነጠላ ላይ ይደናገራል? ሰሌክት ሰብጀክት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመጣ ከሥሩ ያለው ማሽን ለርኒንግ ነው። ብዙ ፎቶ አይቶ «ሰው ይህን ይመስላል» ብሎ የተማረ ነገር ነው። ያየው ነገር ላይ ጎበዝ ነው፣ ያላየው ላይ ይገምታል። ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በዚያው 2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ያወጡት ጥናት ገበያ ላይ የነበሩ የፊት መመርመሪያ ሶፍትዌሮች ጾታ ሲለዩ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ እንደነበር አሳይቷል፤ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ አይሞላም ነበር። ጥናቱ ስለ ፎቶ ኤዲቲንግ አይደለም። ግን ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ፤ ማሽኑ የተማረበት ፎቶ የእኛን ፊት፣ የእኛን ጸጉር፣ የእኛን ልብስ በበቂ ካላካተተ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ለሱ መተው አይገባም። ኪውን ተጭኖ ማየት ማለት ማሽኑ የወሰነውን መመርመር ማለት ነው።

ሌላው የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። አዳዲሶቹ የፎቶሾፕ ስሪቶች ሰሌክት ሰብጀክትን በራሱ በኮምፒውተሩ ወይም በክላውድ እንዲሠራ ያስመርጣሉ፤ ክላውዱ ጠርዝ ላይ ይሻላል፣ ግን ፎቶው ወደ ሰርቨር ሄዶ መመለስ አለበት። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው፣ የተመረጠ ቦታን በራሱ በፈጠረው ምስል የሚሞላው ጀነሬቲቭ ፊል ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ እዚህ የነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ሙያችሁን በሙሉ ከሰርቨር ጋር ካሰራችሁት መስመሩ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ሰርጉ ግን አይቆምም። ክዊክ ማስክ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ በቆዩት የፎቶሾፕ ስሪቶችም ውስጥ አለ።

ፎቶሾፕ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲሱ ስሪት በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ክፍያውም በዶላር ካርድ ነው፤ ለዚህ ነው በፍላሽ የሚዞረው ክራክ፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረው ስሪት፣ የበዛው። ክራክ ቫይረስ ይዞ እንደሚመጣ፣ የደንበኛ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ መጫኑም አደጋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጂምፕ የሚባለው ሌላ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነፃ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነው፣ 3.0 የተባለው ስሪቱ መጋቢት 2017 ላይ ወጥቷል። ክዊክ ማስክ እሱም ላይ አለ። ሺፍትና ኪውን አብራችሁ ተጫኑ፣ ወይም ከምስሉ መስኮት ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ክሊክ አድርጉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ምንም ሳትመርጡ ብትገቡ ጂምፕ ሁሉንም ቀይ ያደርገዋል፣ ፎቶሾፕ ደግሞ ምንም አያቀላም። ስለዚህ ጂምፕ ላይ በነጭ እየቀባችሁ ታወጣላችሁ፣ ፎቶሾፕ ላይ በጥቁር እየቀባችሁ ትሸፍናላችሁ። የቀረው ያው ነው።

ኮምፒውተር የሌለው፣ በስልክ የሚሠራ ልጅም ከዚህ ውጭ አይደለም። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ አፕ ላይ አንድ ማስተካከያ ከሠራችሁ በኋላ የተሠሩትን ዝርዝር ከፍታችሁ ያንን ማስተካከያ ስትነኩት ብሩሽ ይመጣል። ብሩሹ 0፣ 25፣ 50፣ 75ና 100 የሚሉ ደረጃዎች አሉት፣ የዓይን ምልክቷን ስትነኩ ደግሞ የቀባችሁት በቀይ ይታያል። ሐሳቡ አንድ ነው። በጣት ነጠላ ጠርዝ ላይ መቀባት አስቸጋሪ ነው፤ ዙም አድርጋችሁ ከሠራችሁ ግን ይቻላል። ስልክ ላይ ግማሽ በግማሽ መቀባት የለመደ ልጅ ነገ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ክዊክ ማስክ አዲስ አይሆንበትም።

የፎቶ ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተለማማጅ ስትቀጥሩ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አውቶማቲኩን አታሳዩት። አንድ የነጠላ ፎቶ ስጡት፣ ክዊክ ማስክ ላይ በብሩሽ ብቻ ይሥራው። ይዘገያል፣ ይሰለቻል፣ ግን ነጠላ የት ጋ እንደሚሳሳ፣ ጸጉር የት ጋ እንደሚበተን በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ አውቶማቲኩን ስትሰጡት የሳተውን ለይቶ ያውቃል። ይህን ያላየ ልጅ ማሽኑ ያወጣለትን ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ነው የሚያትመው።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፣ እሱም ሴቭ ማድረግ ነው። ጊዜያዊ ማስክ ስሙ እንደሚለው ነው፤ ወጥታችሁ ሰሌክሽኑን ከለቀቃችሁ፣ ፋይሉንም ከዘጋችሁ፣ የለም። ነጠላ ላይ ያን ያህል ከደከማችሁ በኋላ ይህ እንዲሆን አትፍቀዱ። ፎቶሾፕ ላይ ከሰሌክት ሜኑ «ሴቭ ሰሌክሽን» በሉት፣ አልፋ ቻናል ሆኖ ይቀመጣል። ጂምፕ ላይ «ሴቭ ቱ ቻናል» ነው የሚባለው። ወይም በቀጥታ የሌየር ማስክ አድርጉት፣ ለሰርግ ሥራ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ቤተሰቡ «ትንሽ ይስተካከል» ሲል እዚያው ላይ መቀጠል ይቻላልና። ፋይሉን ደግሞ በፒኤስዲ፣ ጂምፕ ከሆነ በኤክስሲኤፍ አስቀምጡት። ጄፔግ ቻናልም ሌየርም አይዝም፤ ለደንበኛ የሚሰጠው ጄፔግ ይሁን፣ እናንተ ጋ የሚቀረው ግን እሱ ብቻ እንዳይሆን።